180 ኪሎዋት ሰዓት ለምን 900 ብር አይሆንም? በእርከን ዋጋ ጠቅላላ ክፍያን በፓይተን ስለ ማስላት

ጥያቄዎ ባጭሩ ይህ ነው። የኤሌክትሪክ ፍጆታን ተቀብሎ የወሩን ክፍያ የሚያሳይ ፕሮግራም በፓይተን እንዲጽፉ የቤት ሥራ ተሰጥቶዎታል። መልመጃው ለመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት በ2 ብር፣ ከ51 እስከ 150 ላለው በ3 ብር፣ ከ150 በላይ ላለው ደግሞ በ5 ብር እንዲታሰብ ያዛል። የእርስዎ ፕሮግራም 180 ሲገባለት 900 ብር ያወጣል፤ መምህሩ የሰጡት መልስ ግን 550 ብር ነው። ፕሮግራሙ ምንም የስህተት መልእክት ሳያሳይ ስለሚሠራ ችግሩ የት ላይ እንዳለ ማወቅ እንዳልቻሉ ጽፈዋል። የላኩት ኮድ የሚከተለው ነው፦

ኢፍ ፍጆታ <= 50:
    ጠቅላላ = ፍጆታ * 2
ኤሊፍ ፍጆታ <= 150:
    ጠቅላላ = ፍጆታ * 3
ኤልስ:
    ጠቅላላ = ፍጆታ * 5

የፓይተንን ቁልፍ ቃላትና ከቋንቋው ጋር የሚመጡትን ፋንክሽኖች እዚህ በአማርኛ ፊደል ያሰፈርኳቸው ለንባብ እንዲመቹ ነው፤ ኮምፒውተርዎ ላይ ግን እንደተማሩት በላቲን ፊደል ይጻፏቸው። የተለዋዋጮችን ስም በተመለከተ፣ ፓይተን 3 የአማርኛ ፊደልን ስለሚቀበል «ፍጆታ» እና «ጠቅላላ» እንዳሉ ቢቀሩ ፕሮግራሙ ይሠራል። ስም በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሊጠነቀቅበት የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ በአማርኛ ኪቦርድ የሚገኙትን ነጠላ ሰረዝና ሁለት ነጥብ ፓይተን አያውቃቸውም። በመሆኑም በስሞቹ መካከል የሚገባውን ሰረዝና በመስመሩ መጨረሻ የሚቀመጠውን ሁለት ነጥብ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሰው ይጻፏቸው።

አሁን ወደ ችግሩ ልግባ። ኮድዎ በሰዋስው ረገድ ምንም እንከን የለበትም፤ ሆኖም የሚመልሰው ጥያቄ የቤት ሥራው ከጠየቀው የተለየ ነው። የእርስዎ ኮድ በመጀመሪያ ፍጆታው በየትኛው እርከን እንደሚያርፍ ይፈልግና፣ ያንን ካወቀ በኋላ የወሩን ፍጆታ በሙሉ በዚያ እርከን ዋጋ ያባዛዋል። በዚህ አሠራር 180 ኪሎዋት ሰዓት የተጠቀመ ደንበኛ የመጀመሪያዎቹን 50 ጭምር በ5 ብር ይከፍላል ማለት ነው። መልመጃው ግን ፍጆታው ተቆራርሶ እያንዳንዱ ክፍል በየራሱ ዋጋ እንዲታሰብ ነው የሚፈልገው፤ 50ው በ2 ብር 100 ብር፣ ቀጣዩ 100 በ3 ብር 300 ብር፣ የቀረው 30 በ5 ብር 150 ብር፣ ድምሩም 550 ብር።

ስህተቱን በዓይን ለማየት ከ180 ይልቅ በወሰኑ ግራና ቀኝ ያሉትን ቁጥሮች ማስገባት ይሻላል። ፕሮግራምዎ ለ150 ኪሎዋት ሰዓት 450 ብር፣ ለ151 ደግሞ 755 ብር ያወጣል። አንድ ተጨማሪ ኪሎዋት ሰዓት 305 ብር አስከፈለ ማለት ነው፤ በመልመጃው ሠንጠረዥ ላይ ግን ከ5 ብር የሚበልጥ ዋጋ የለም። ትክክለኛው ስሌት ለ150 400 ብር፣ ለ151 405 ብር ይሰጣል፤ ልዩነታቸውም የሦስተኛው እርከን ዋጋ፣ ማለትም 5 ብር ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ባየሁ ቁጥር የመጀመሪያው ፍተሻዬ ይኸው ነው፤ በወሰኑ ላይ ያለው ዝላይ በሠንጠረዡ ላይ ከተጻፈው ዋጋ ከበለጠ ስሌቱ ፍጆታውን ሳይቆራርስ በጅምላ እያባዛ ነው።

ይህን ስል የእርስዎ ኮድ ለምንም ዓይነት ሥራ አይሆንም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ጀማሪዎች በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ስለሆነ ጉዳዩን ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። የእርከን ዋጋ በሁለት መንገድ ይሠራበታል። አንደኛው አሁን ያየነው፣ እያንዳንዱ እርከን በውስጡ ለሚወድቀው መጠን ብቻ የሚያገለግልበት ነው። ሁለተኛው የብዛት ቅናሽ የምንለው ሲሆን፣ በዚህኛው ደንበኛው የደረሰበት እርከን ዋጋ ለጠቅላላ ትእዛዙ ይሠራል። አንድ ማተሚያ ቤት «እስከ 50 ቅጂ ለሚያዝ አንዱ ቅጂ 3 ብር፣ ከ50 በላይ ለሚያዝ አንዱ ቅጂ 2 ብር» የሚል ማስታወቂያ ቢለጥፍ፣ 60 ቅጂ ያዘዘ ሰው የሚከፍለው 120 ብር ነው፤ ማንም ሰው ማስታወቂያውን የመጀመሪያዎቹ 50 በ3 ብር፣ አሥሩ ብቻ በ2 ብር ይታሰባሉ ብሎ አይረዳውም። ለዚህ ማተሚያ ቤት ፕሮግራም ቢጽፉ ኖሮ ያቀረቡት አሠራር ልክ ይሆን ነበር።

የብዛት ቅናሽ በወሰኑ ላይ የሚያመጣው ውጤትም ሊታወቅ ይገባል። በዚያው ማተሚያ ቤት 50 ቅጂ 150 ብር ሲያወጣ 51 ቅጂ ግን 102 ብር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከ35 እስከ 50 ቅጂ የሚፈልግ ደንበኛ ሁሉ 51 ቢያዝ ይረክስለታል፤ ለምሳሌ 40 ቅጂ 120 ብር ነው፣ 51 ግን 102። ይህ የፕሮግራሙ ስህተት ሳይሆን የዋጋው አወጣጥ ያመጣው ነው፤ ፕሮግራም ጸሐፊውም በራሱ ሥልጣን ሊያርመው አይገባም። ሆኖም ዋጋውን ያወጣው ሰው ይህን አስቦበት እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እንግዲህ ኮድ ከመጻፍዎ በፊት ከሁለቱ የትኛው እንደተፈለገ ከጥያቄው አነጋገር መለየት አለብዎት። «ለመጀመሪያዎቹ 50»፣ «ከዚያ በላይ ላለው»፣ «ለእያንዳንዱ ተጨማሪ» የሚሉ አባባሎች መጠኑ እንዲቆራረስ የሚያዙ ናቸው። «ከ50 በላይ ያዘዘ ደንበኛ» ወይም «ከ50 በላይ ሲሆን የአንዱ ዋጋ» የሚሉት ደግሞ በአብዛኛው የብዛት ቅናሽን ያመለክታሉ። አነጋገሩ ካልለየለት መምህሩን አንድ ምሳሌ ከነመልሱ መጠየቅ ነው፤ በእርስዎ ጥያቄ ውስጥ 550 የሚለው መልስ ነገሩን ያለ ጥርጥር ለይቶታል።

ፍጆታን ቆራርሶ ማስላት በደመወዝ ሠራተኞች ዘንድ የታወቀ ነው፤ የሥራ ግብር የሚሰላው በዚሁ መንገድ ነውና። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ከመቀጠር ከሚገኝ ወርሃዊ ገቢ ላይ እስከ 600 ብር ድረስ ያለው ግብር አይከፈልበትም ነበር፤ ከዚያ በላይ እስከ 1,650 ብር ያለው 10 በመቶ፣ እስከ 3,200 ብር ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 5,250 ብር ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 7,800 ብር ያለው 25 በመቶ፣ እስከ 10,900 ብር ያለው 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበት ነበር። ደመወዙ ከ7,800 ወደ 7,801 ብር ከፍ ያለለት ሠራተኛ ወደ 30 በመቶ እርከን ይገባል፤ ነገር ግን 30 በመቶው የሚያርፈው በዚያች አንድ ብር ላይ ብቻ ስለሆነ ግብሩ ከ1,385 ብር ወደ 1,385.30 ብር ነው የሚያድገው። ይህንኑ በእርስዎ ኮድ ቢያሰሉት ግን ግብሩ 2,340.30 ብር ይሆናል። «ጭማሪው እርከን አሻግሮኝ ደመወዜ ይቀንሳል» ብለው የሚሰጉ ሰዎች አሉ፤ ስጋታቸው በኮድዎ ውስጥ ካለው ስህተት ጋር አንድ ነው።

አሁን ማስተካከያውን እንመልከት። ኢፍና ኤሊፍ ብቻ ለተማረ ሰው የሚከተለው በቂ ነው፦

ኢፍ ፍጆታ <= 50:
    ጠቅላላ = ፍጆታ * 2
ኤሊፍ ፍጆታ <= 150:
    ጠቅላላ = 50 * 2 + (ፍጆታ - 50) * 3
ኤልስ:
    ጠቅላላ = 50 * 2 + 100 * 3 + (ፍጆታ - 150) * 5

በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ውስጥ ሞልተው ያለፉት እርከኖች ክፍያ በቅድሚያ ይቀመጥና፣ የመጨረሻው እርከን ግን ከወሰኑ ያለፈው ትርፍ ብቻ በዋጋው ይባዛል። በሦስተኛው ቅርንጫፍ ላይ ከ150ው ውስጥ 50ው ቀድሞ ስለታሰበ ለሁለተኛው እርከን የሚቀረው 100 መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ብዙ ተማሪዎች እዚያ ቦታ 150 በ3 ይጽፉና መልሳቸው 700 ብር ይሆናል።

ሁለተኛው መሰናክል 51 የሚለው ቁጥር ነው። መልመጃው «ከ51 እስከ 150» ስለሚል ተማሪው ከፍጆታው ላይ 50 በመቀነስ ፈንታ 51 ይቀንሳል። ውጤቱ 51ኛው ኪሎዋት ሰዓት በነጻ እንዲያልፍ ማድረግ ነው፤ ፍጆታው 51 ሲሆን በሁለተኛው እርከን ያለው መጠን ዜሮ ይሆናልና። ከ51 እስከ 150 ያሉት ቁጥሮች ሁለቱንም ጫፎች ጨምሮ 100 ናቸው፤ 150 ሲቀነስ 51 ግን 99 ነው። ይህ ስህተት በጅምላ እንደ ማባዛቱ ጎልቶ አይታይም፤ መልሱ ከትክክለኛው በ3 ብር ብቻ ስለሚያንስ ሳይስተዋል ያልፋል። ለዚህ ነው በኮድዎ ውስጥ 51 እና 151 የሚሉ ቁጥሮች ጨርሶ እንዳይኖሩ የምመክረው፤ እውነተኞቹ ወሰኖች 50 እና 150 ናቸው።

ለዚህ ምክር ሌላም ምክንያት አለኝ። ቆጣሪው ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚያነብ ከሆነ በ50 እና በ51 መካከል ምንም የለም። ፍጆታው 50.5 ሊሆን የሚችል ከሆነ ግን፣ አንደኛውን ቅርንጫፍ «ከ50 የሚያንስ ወይም እኩል»፣ ሁለተኛውን «ከ51 የሚበልጥ ወይም እኩል» ብሎ የጻፈ ሰው 50.5ን ከሁለቱም ውጭ ያስቀረዋል። ያን ጊዜ ኤልስ ካለ ቁጥሩ ወደ 5 ብሩ እርከን ይገባል፤ ኤልስ ከሌለ ደግሞ ጠቅላላ የሚባለው ተለዋዋጭ ዋጋ ሳይሰጠው ይቀርና ፕሮግራሙ ስሙን አላውቀውም ብሎ ይቆማል። ኤሊፍ ከላይ ያለው ቅድመ ሁኔታ ካልተሟላ ብቻ የሚታይ ስለሆነ የታችኛውን ወሰን ደግሞ መጻፍ አያስፈልግም። የቅደም ተከተሉም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ «ፍጆታ > 50» የሚለውን በመጀመሪያ ካስቀመጡ 180ም ከ50 ስለሚበልጥ እዚያው ይቀራል፣ ከሥሩ የተጻፈው «ፍጆታ > 150» መቼም አይደርሰውም።

ለሦስት እርከን ከላይ ያለው ኮድ ይበቃል። እርከኖቹ ሰባት ሲሆኑ ግን የመጨረሻው መስመር ሰባት ብዜቶችን ይይዛል፤ አንዱ ዋጋ በተለወጠ ቁጥርም ያንኑ ቁጥር በየቅርንጫፉ እየፈለጉ ማረም ይጠይቃል። ስለዚህ ዋጋዎቹን በሊስት (በዝርዝር) ውስጥ ለብቻ ማስቀመጥና ስሌቱን በሉፕ፣ ማለትም ያንኑ ሥራ ለእያንዳንዱ እርከን በሚደጋግም ትእዛዝ፣ መሥራት ይሻላል፦

ማለቂያ_የለሽ = ፍሎት("ኢንፍ")
የመብራት_እርከኖች = [(50, 2), (150, 3), (ማለቂያ_የለሽ, 5)]

ዲፍ ክፍያ_አስላ(ፍጆታ, እርከኖች):
    ጠቅላላ = 0
    የታች_ወሰን = 0
    ፎር የላይ_ወሰን, ዋጋ ኢን እርከኖች:
        ኢፍ ፍጆታ <= የታች_ወሰን:
            ብሬክ
        በእርከኑ_ያለ = ሚን(ፍጆታ, የላይ_ወሰን) - የታች_ወሰን
        ጠቅላላ = ጠቅላላ + በእርከኑ_ያለ * ዋጋ
        የታች_ወሰን = የላይ_ወሰን
    ሪተርን ጠቅላላ

በጥቅስ ውስጥ ያለው «ኢንፍ» እንደ ቁልፍ ቃላቱ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ፓይተን ከማንኛውም ቁጥር የሚበልጥ አድርጎ የሚይዘውን ወሰን የለሽ ቁጥር ይሰጣል። የመጨረሻው እርከን ጣሪያ ስለሌለው የሚያስፈልገን እርሱ ነው። አንዳንዶች በዚህ ቦታ 999999 ይጽፋሉ፤ ለቤት ሥራ ሊያልፍ ቢችልም፣ ፋብሪካን የሚያህል ደንበኛ ሲመጣ ከዚያ ቁጥር በላይ ያለው ፍጆታ ሳይታሰብ ይቀራል።

የሥራው ማዕከል ሚን፣ ማለትም ከተሰጡት ቁጥሮች ትንሹን የሚመርጠው ፋንክሽን፣ ያለበት መስመር ነው፤ እስኪገባዎ ድረስ በ180 በወረቀት ላይ ይከተሉት። በመጀመሪያው ዙር የታች ወሰኑ 0፣ የላይ ወሰኑ 50 ነው፤ ከ180 እና ከ50 ትንሹ 50 ስለሆነ በእርከኑ ያለው 50 ይሆንና ጠቅላላው 100 ይደርሳል። በሁለተኛው ዙር ከ180 እና ከ150 ትንሹ 150 ነው፤ 50 ሲቀነስለት 100፣ በ3 ሲባዛ 300፣ ጠቅላላው 400። በሦስተኛው ዙር ከ180 እና ማለቂያ ከሌለው ቁጥር ትንሹ 180 ነው፤ 150 ሲቀነስለት 30፣ በ5 ሲባዛ 150፣ ጠቅላላው 550። ሚን የሚሠራው ሥራ እርከኑ ሞልቶ ያለፈ እንደሆነና ፍጆታው እርከኑ መሐል ላይ የቆመ እንደሆነ በሁለቱም ጊዜ ያለ ተጨማሪ ኢፍ ትክክለኛውን መጠን መስጠት ነው።

ይህን ሉፕ ሲጽፉ የሚፈጠሩት ስህተቶች በውጤታቸው ስለሚታወቁ ላመልክትዎ። ፍጆታው ከ50 በላይ በሆነ ጊዜ ሁሉ መልሱ 100 ብቻ እየሆነ ካስቸገረዎ ሪተርን የሚለው መስመር ወደ ቀኝ ገብቶ በሉፑ ውስጥ ተጽፏል ማለት ነው፤ ፋንክሽኑ አንደኛውን እርከን አስልቶ ወዲያው ይመለሳል። ለ180 መልሱ 150 ከሆነ «ጠቅላላ = 0» የሚለው በሉፑ ውስጥ ስለገባ በየዙሩ ድምሩ እየተሰረዘ የመጨረሻው እርከን ክፍያ ብቻ ቀርቷል። መልሱ 1,450 ከሆነ ደግሞ የታች ወሰኑን ወደ ላይ የሚያሸጋግረው መስመር ተረስቷል፤ 50 በ2፣ 150 በ3፣ 180 በ5 ተባዝተው ተደምረዋል። በወር አንድ ጊዜ የሚከፈል የአገልግሎት ክፍያ ካለም መደመር ያለበት ከሉፑ ውጭ ነው፤ ለምሳሌ ክፍያው 10 ብር ቢሆንና በሉፑ ውስጥ ቢደመር ሦስት እርከን የነካ ደንበኛ 30 ብር ይከፍላል።

ሠንጠረዡንና ስሌቱን መለየት ያለው ጥቅም በእውነተኛ ሥራ ላይ ጎልቶ ይታያል። ከላይ የጠቀስኩት የግብር ሠንጠረዥ በ2017 ዓ.ም. በጸደቀው ማሻሻያ ተለውጧል፤ ከግብር ነጻ የሆነው ገቢ ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሎ፣ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ ሆኗል። የ10,000 ብር ደመወዝ ግብር በቀድሞው ሠንጠረዥ 2,045 ብር ሲሆን በአዲሱ 1,650 ብር ነው። ሁለቱንም ለማስላት ከላይ ያለውን ፋንክሽን አንድ ፊደል መንካት አያስፈልግም፤ ሁለት ሊስት ጽፎ የሚፈለገውን መስጠት ብቻ ነው። የቀድሞውንም ሊስት አለማጥፋት ይገባል፤ ያለፉ ወራት ደመወዝ ሲመረመር የሚያገለግለው በዚያ ጊዜ የነበረው ሠንጠረዥ ነው።

የሒሳብ ሠራተኞች ግን ይህንኑ ግብር በሌላ አቋራጭ ያሰሉታል፤ መንገዱም ሊታወቅ የሚገባው ነው። ደመወዙን በሙሉ በደረሰበት እርከን ምጣኔ ያባዙና ከውጤቱ ላይ አንድ ቋሚ ተቀናሽ ይቀንሳሉ፤ በቀድሞው ሠንጠረዥ ለ30 በመቶው እርከን ተቀናሹ 955 ብር ስለነበር የ10,000 ብር ግብር 3,000 ሲቀነስ 955፣ ማለትም 2,045 ይሆናል። ተቀናሹ የሚመጣው በጅምላ በማባዛታችን በታችኞቹ እርከኖች ላይ ያለ አግባብ ከጨመርነው ገንዘብ ነው። ለመብራቱ መልመጃ ስናሰላው፣ በሁለተኛው እርከን 50ው ከ2 ብር ወደ 3 ብር ስለተነሣ ትርፉ 50 ብር ነው፤ በሦስተኛው ላይ ደግሞ 150ው ከ3 ወደ 5 ስለተነሣ 300 ይጨመርበትና 350 ብር ይሆናል። የእርስዎ ፕሮግራም ያወጣው 900 እና የመምህሩ 550 የሚለያዩት በዚሁ 350 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ኮድዎን ሳያፈርሱ ሁለተኛውን ቅርንጫፍ «ፍጆታ * 3 - 50»፣ ሦስተኛውን «ፍጆታ * 5 - 350» ቢያደርጉት መልሱ ይስተካከላል። ሆኖም ለፕሮግራም ይህን አልመርጠውም። ኮዱን የሚያነብ ሰው 350 ከየት እንደመጣ አያውቅም፤ ዋጋ ሲለወጥም ተቀናሾቹን በእጅ እንደገና ማስላት የግድ ይሆናል። በሉፕ የተገኘውን መልስ ለማመሳከር ግን ሁነኛ መሣሪያ ነው።

ፍጆታውን ከተጠቃሚው ስለ መቀበል የምለው ጥቂት ነው። ኢንፑት የሚሰጠው ቁጥር ሳይሆን ስትሪንግ፣ ማለትም እንደ ጽሑፍ የሚያዝ ነገር ነው፤ ወደ ቁጥር ካልተለወጠ ከ50 ጋር ሲነጻጸር ፕሮግራሙ በስህተት ይቆማል፤ በ2 ቢባዛ ደግሞ 360 በማውጣት ፈንታ 180180 ይሰጣል። ከዜሮ በታች የሆነ ፍጆታ ሲገባም በዝምታ ዜሮ ብር ከማሳየት ይልቅ ቁጥሩ ልክ እንዳልሆነ መናገር ይገባል።

ስለ ሳንቲም ግን በዝርዝር መናገር አለብኝ፤ መልመጃዎ ሙሉ ብር ብቻ ስለያዘ ይህ ችግር ገና አልገጠመዎትም። ፍሎት የሚባለው የቁጥር ዓይነት ቁጥሮችን የሚይዘው በሁለትዮሽ ስለሆነ 0.1ን የመሰሉ ክፍልፋዮችን በትክክል ሊይዝ አይችልም፤ በፓይተን 3ን በ0.1 ሲያባዙ የሚያገኙት 0.30000000000000004 ነው። በአንድ ሒሳብ ላይ ልዩነቱ ምንም አይደለም ሊባል ይችላል፤ ሆኖም ሁለት ድምሮች እኩል መሆናቸው ሲጠየቅ ወይም ውጤቱ ወደ ሳንቲም ሲጠጋጋ ችግሩ ይወጣል። የአገራችን ታሪፍም እስከ አራት የአሥርዮሽ ቤት ይሄዳል፤ ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት በነበረው የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የመጀመሪያው እርከን ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 0.2730 ብር ነበር። ለእንዲህ ያለ ሥራ ከፓይተን ጋር የሚመጣውን ዴሲማል የተባለ የቁጥር ዓይነት ይጠቀሙ፤ ዋጋውንም በጥቅስ ውስጥ፣ ማለትም ዴሲማል("0.2730") ብለው ይስጡት። ያለ ጥቅስ ከሰጡት ቁጥሩ አስቀድሞ ፍሎት ሆኖ ስለሚደርሰው ጉድለቱን አብሮ ይወርሳል። ክፍልፋይ ያለው ፍጆታም በፍሎት ፈንታ በዴሲማል ይለወጥ፤ ፓይተን ሁለቱን ዓይነቶች እርስ በርስ ማባዛት አይፈቅድም።

ማጠጋጋቱ በመጨረሻ፣ በጠቅላላው ድምር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይደረግ። በየእርከኑ ካጠጋጉ በእያንዳንዱ ላይ እስከ ግማሽ ሳንቲም የሚደርስ ልዩነት ስለሚፈጠር ድምሩ ከደረሰኙ ጋር ላይገጥም ይችላል። ራውንድ የሚባለው ፋንክሽን እኩል መሐል ላይ ያለን ቁጥር ወደ ተጋማሽ ቁጥር እንደሚያስጠጋም ይወቁ፤ 2.5 ወደ 2፣ 3.5 ደግሞ ወደ 4 ይሄዳል። የምትሠሩለት ድርጅት ግማሹን ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚያስጠጋ ከሆነ በዴሲማል ውስጥ ራውንድ ሃፍ አፕ የሚለውን ደንብ በግልጽ መምረጥ ያስፈልጋል።

የቤት ሥራውን ከማስረከብዎ በፊት ፕሮግራሙን በ0፣ በ1፣ በ50፣ በ51፣ በ150፣ በ151 እና በ180 ይሞክሩት፤ መልሶቹ በቅደም ተከተል 0፣ 2፣ 100፣ 103፣ 400፣ 405 እና 550 ብር መሆን አለባቸው። ከዚያም ከ0 እስከ 200 ያሉትን ሙሉ ቁጥሮች በፎር ሉፕ እያስገቡ የእያንዳንዱን ክፍያ ከቀደመው ላይ ይቀንሱ፤ ልዩነቱ እስከ 50 ድረስ 2፣ ከዚያ እስከ 150 ድረስ 3፣ ከዚያ በኋላ 5 ሆኖ ይወጣል። ሌላ ቁጥር ከወጣ፣ ልዩነቱ የወጣበት ፍጆታ የትኛው ወሰን እንደተበላሸ ያሳይዎታል። ክፍሉ ሊስትንና ፋንክሽንን ገና ካልተማረ በኢፍና በኤሊፍ የተጻፈውን ያስረክቡ፤ ከተማረ ግን በሉፕ የተጻፈውን ይምረጡ፣ ለ180 የሚያወጣውንም 900 ሲቀነስ 350 ብለው በእጅ ያመሳክሩት።